ጽሑፍ የሌለው ክሬም

«እማማ፣ ስወለድም እንዲህ ነበርኩ?» አለችኝ ሰብለ ወንጌል፣ የእጅ መስታወቷን ወደ በሩ ብርሃን አዙራ። ምን ብዬ ልመልስላት? ስትወለድ ከእናቷ ቀድሜ የታቀፍኳት እኔ ነኝ። ጣቶቿን ቆጥሬአለሁ፣ ጆሮዋን አገላብጬ አይቻለሁ፣ ፀጉሯ ሙሉ እንደነበር ዛሬም አስታውሳለሁ። የከንፈሯን ቀለም ግን አላስታውስም። የሕፃን ከንፈር ሲታይ የሚታየው ጡት መያዝ አለመያዙ ነው እንጂ ማን ቀለሙን ያያል? «ደህና ነበርሽ» አልኳት። «ደህና ማለት ምን ማለት ነው? ጥቁር ነበር፣ አልነበረም?» አለችኝ። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ከአፏ ዙሪያ፣ ይልቁንም ከሁለቱ ማዕዘኖች ላይ፣ ከሰል የነካ ጣት የዞረበት የሚመስል ጥቁረት አለባት። እኔ እንግዲህ በየጧቱ ሎሚ ለሁለት ሰንጥቄ፣ ስኳር አስነክቼ፣ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ከንፈሯን አሽላታለሁ። ይህን ከማን እንደሰማሁት እንኳ አላውቅም። ከሬዲዮ ይሁን ከጎረቤት፣ ብቻ ስድስት ወር ሙሉ አንድም ጧት አላስታጎልኩም። እሷም እንደ ሕፃን አፏን አሹላ ትሰጠኛለች፤ ሲያቃጥላት ዓይኗን ትጨፍናለች።

ቤታችን አንድ ክፍልና አንዲት ማድቤት ናት። ከጀርባችን ምን አለሽ ተራ ነው፤ ከንጋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ በርሜሉ ምድጃ እስኪሆን ድረስ ይቀጠቀጣል። ስለዚህ እኛ ቤት ሰው ሲነጋገር ወይ ይጮኻል ወይ ጨርሶ ዝም ይላል። የዚያን ማክሰኞ ጧት ልጄ ሀብተሚካኤል ሲገባ ጮኾ ነው የገባው። የሰብለ አጎት ነው። እናቷ ኤልሳቤት፣ ልጄ፣ ካረፈች ሰባት ዓመት ሆናት፤ ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ከእኔ ጋር ታድራለች፣ ከሱ ጋር ትሠራለች። ሲኒማ ራስ አጠገብ ካሉት አዳዲስ ሕንፃዎች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሴት ልብስ ሱቅ አለው። ሦስተኛ ፎቅ ደግሞ ማንም ገበያተኛ አይወጣም፤ ምድር ቤቱ ላይ ያጣውን ብቻ ነው ወደ ላይ የሚፈልገው። ሱቁን ያቆመችው ሰብለ ናት። በረንዳው ላይ፣ ፀሐዩ ደምቆ ልብሱ በሚያምርበት በእኩለ ቀን፣ ስልክ ፊት ቆማ ላይቭ ትገባለች፣ ቀሚሱን እየዘረጋች ታሳያለች፣ ሰው ከጅማም ከደሴም ያዛል።

«ትናንት ማታ የተጻፈውን አነበብሽው?» አላት፣ ደህና አደርሽ ሳይል።

«አነበብኩት ጋሼ።»

«‘ልጅቷ ታጨሳለች እንዴ?’ ነው የሚለው። ሰማንያ ሰው ወዶታል። ሰማንያ!»

«ቆጠሩት?» አለችው።

«ሽሙጥሽን ተይው። እንደማታጨሺ እኔ አውቃለሁ፤ ደንበኛ ግን የሚያውቀው ያየውን ነው።» ከጃኬቱ ኪስ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሲፈታ ክዳኑ ነጭ የሆነ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፣ ውስጡ እንደ ቅቤ የወፈረ ቢጫ ክሬም። «ማታ ማታ ትቀቢዋለሽ። በአራት ቀን ይለቃል ተብያለሁ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ነው የገዛሁት። ለቅዳሜው ላይቭ ከደረሰ ደረሰ፤ ካልደረሰ ሌላዋ ሻጭ ሀኒ ትቆማለች፣ አንቺ መጋዘን ትገቢያለሽ። ፋሲካ ደርሷል፣ ዓመት የምንጠብቀው ገበያ ነው፤ በአንድ ከንፈር አላበላሸውም።»

ሰብለ የኮሮና ጊዜ ከለበሰችው ወዲህ ከላይቩ ሰዓት በቀር ከፊቷ ያልተለየውን ማስክ አጠለቀች፣ ቦርሳዋን አንጠለጠለች፣ «ደህና ዋይ እማማ» አለችኝና ወጣች። እኔ ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ጤፉን የሚያመጣው እሱ ነው፣ መብራቱን የሚከፍለው እሱ ነው። ደግሞ ሲቆጣ አባቱን ይመስለኛል፤ አባቱን ፈርቼው ነው የኖርኩት። «ከየት ነው ያመጣኸው?» ብቻ አልኩት። «ከጠሂራ። መርካቶ ያለች ሴት ሁሉ የምትቀባው ነው፣ አትጨነቂ እማዬ» ብሎኝ እሱም ሄደ። አትጨነቂ የሚለኝ ሰው ካለ እንቅልፌ ያን ዕለት አበቃ ማለት ነው።

ብቻዬን ስቀር ዕቃውን አገላበጥኩት። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ፣ ፊደል ካየሁ ሳላነብ አላልፍም፤ የዘይት ጀሪካን አነባለሁ፣ የክብሪት ቀፎ አነባለሁ፣ የፈረንጁን ጽሑፍ እንኳ ባይገባኝ ፊደሉን እየለቀምኩ ቁጥሩን አያለሁ። ይሄ ምንም የለበትም። ከሥሩም፣ ከክዳኑም፣ ከውስጥም። የተሠራበት ቀን የለ፣ የሚያበቃበት ቀን የለ፣ የሠራው ሰው ስም የለ። አሸተትኩት፤ የሽቶ ሽታ አለው እንጂ ሌላ አይሸትም። ሰው ፊቱ ላይ የሚያደርገው ነገር ባለቤት እንዴት አይኖረውም? ነጠላዬን ለበስኩና ዕቃውን በመሐረብ ቋጥሬ ወደ ጠሂራ ሱቅ፣ ወደ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው፣ ጉልበቴ ያመኛል። ተሸካሚዎቹ ከኋላዬ «እናት፣ ዞር ይበሉ! እናት!» እያሉ፣ አንዱ ጆንያውን ትከሻዬን አስታክኮ እያሳለፈ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ደረስኩ።

ጠሂራን ከልጅነቷ ነው የማውቃት፣ እናቷ ጎረቤቴ ነበረች። ሱቋ ሁለት ሰው ቆሞበት ሦስተኛ አይጨምርም፤ እስከ ጣሪያው የተደረደረ ቅባት፣ ሻምፖ፣ የፀጉር ቀለም ነው። ሳታየኝ መሐረቤን ፈትቼ ዕቃውን ባንኮኒው ላይ አደረግኩት።

«እትዬ ባይነሽ! ምነው በእግርዎ መጡ? አንድ ሰው አይልኩም ነበር?»

«ይሄ ያንቺ ነው ልጄ?»

«የኔ ነው። ምነው?»

«ጽሑፍ የለውም።»

ሳቀች። «የዚህ ጽሑፉ የኛ አፍ ነው እትዬ።»

«እንግዲያው አንብቢልኝ።»

ፊቴን አየችው፣ ሳቋም ቀረ። የቆመችውን ደንበኛ ሸኝታ በርጩማ አወጣችልኝ፣ ራሷም ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ከኋላ ባለ ቤት በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው የሚቀላቀለው። ሦስት ዓይነት ክሬም አለበት፤ አንዱ ሐኪም ለቆዳ በሽታ በስንት ማስጠንቀቂያ የሚያዘው ነው። ተፈጭቶ የሚገባ ኪኒን አለ። አንድ ዱቄት ደግሞ አለ፣ ስሙን የሚያውቀው አምጪው ብቻ ነው። «ያነጣል?» አልኳት። «ያነጣል እንጂ። በመጀመሪያው ሳምንት ደንበኛዬ መጥታ ትመርቀኛለች። በሁለተኛው ወር ቆዳዋ ሳስቶ፣ ቀልቶ፣ ከበፊቱ ጠቁሮ ትመጣለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ዕቃ ትገዛለች።» እንዲህ ስትለኝ ዓይኗን ከዓይኔ አልሰበረችም፣ እሱን አልክድባትም። ከዚያ ግን ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። «ጋሽ ሀብቴን ጠይቄዋለሁ እኮ፣ ወላሂ። ለማን ነው አልኩት። ለቤተሰብ ከሆነ አልሰጥህም፣ የገዛ ልጄን አቃጥሏታል አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ለሠራተኛ ነው አለኝ።»

ውጪ አንዱ የካልሲ ዋጋ እየጮኸ ያልፋል። ሠራተኛ። የእህቱን ልጅ። ደግሞስ ሠራተኛ ብትሆን፣ የሰው ልጅ ፊት አይደለም? ጠሂራ ነገሩ ቆይቶ ገባት፤ «ለሰብሊ ነው?» አለችኝ፣ በአዎንታ ራሴን ስነቀንቅ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። የሷ ልጅም እንዲሁ ከአፏ ዙሪያ ጠቁሮባት፣ ከዚሁ ክሬም ደብቃ ተቀብታ ስድስት ወር ሐኪም ቤት ተመላልሰዋል። «ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችን ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ሎሚ ትቀባለች ወይ ነው ያለችው። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መዋል ራሱ ያጠቁራል፣ ያቃጥላል አለች። ከንፈሯን የምትልስ ከሆነች ደግሞ ይብሳል። ተዉት፣ ቫዝሊን ቀቧት፣ ከፀሐይ ጠብቋት፣ በወራት ይቀንሳል። የቀረው ደግሞ የተፈጥሮዋ ቀለም ነው፣ በሽታ አይደለም አለችን።»

እጄ የጧቱን ሎሚ ይሸት ነበር። ነጠላዬ ሥር አስገባሁት።

«እያወቅሽ ትሸጫለሽ?» አልኳት ስነሳ። «እሸጣለሁ። እርስዎ ይፍረዱኝ» አለችኝ። «ዛሬ እኔ በማንም ላይ የምፈርድበት አፍ የለኝም» ብያት ዕቃውን ቋጥሬ ወጣሁ።

ወደ ሲኒማ ራስ የሄድኩት ሰብለን ማታ እስክትመጣ መጠበቅ ስላቃተኝ ነው። የሕንፃው ሊፍት እንደወትሮው አይሠራም። በየፎቁ ቆሜ ተነፈስኩ፤ በየፎቁም እንዴት አድርጌ እንደምነግራት አሰብኩ፣ አንዱም አልጣመኝም። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ በረንዳው ላይ ስልኩ ተተክሏል፣ ከፊቱ የቆመችው ግን ሰብለ አልነበረችም። ሀኒ ናት፤ ቀይ ቀሚስ ደረቷ ላይ ለጥፋ «ሰላም ሰላም የኔ ቆንጆዎች!» ትላለች። ማክሰኞ ነው እንግዲህ። ልጄ ቅዳሜን እንኳ አልጠበቀም። እሱ ራሱ አልነበረም፣ ባንክ ሄዷል አሉኝ። ሰብለን ያገኘኋት ከኋላ፣ ክንድ ብዘረጋ ግድግዳና ግድግዳውን በምነካባት መጋዘን ውስጥ፣ ማስኳን እንዳጠለቀች ቀሚስ በላስቲክ ስታሽግ ነው።

«አውልቂው እንጂ፣ ሙቀት ነው» አልኳት።

«ለምጄዋለሁ። ምን ሆነሽ ነው የመጣሽው? ደግሞ ደረጃውን ወጣሽው?»

ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሳፋው ነገርኳት። «ለሠራተኛ» ያለውንም፣ መደበቅ ነበረብኝ መሰለኝ፣ ግን አመለጠኝ። ሎሚውን መጨረሻ ላይ ነገርኳት፣ ድምፄ እየቀነሰ። ማሸጉን አቆመች። ላስቲኩን በመዳፏ ትዘረጋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች። እኔም የገዛ እጄን አየዋለሁ። አንዳች ነገር እንዳይነካት ስል ኖሬ፣ ያስነካኋት እኔ ሆንኩ።

«ስድስት ወር» አለች በመጨረሻ። «ስድስት ወር ሎሚ ቀብተሽ ፀሐይ ላይ አዋልሽኝ። በርበሬ ብትጨምሪብኝ እኮ ቋንጣ ሆኜልሽ ነበር።» ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም፣ ማስኩ ሸፍኖታል። ከዚያ አወለቀችው። ፊቷ በላብ ረጥቧል። «አንቺን ልጅ ሳለሽ ድድሽን እንዲጠቁር ወጉሽ አይደል?» አለችኝ። አዎ፣ መርሐቤቴ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ በእሾህ ተወግቼ ጥላሸት ተቀብቼ፣ ሦስት ቀን ከአጥሚት በቀር አልቀመስኩም። ቆንጆ ነው ተብሎ ነው፤ ዛሬም ስስቅ ቆንጆ ይመስለኛል። «አንቺን እንዲጠቁር ወጉሽ፣ እኔን እንዲነጣ ሊልጡኝ። ቆይ፣ እኛ ቤት አፍ ምን አድርጎ ነው?»

ሀኒ ጭንቅላቷን በመጋረጃው አስገባች። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «ሰብሊ፣ በናትሽ፣ እየጠየቁ ነው። ያቺ እውነቱን የምትናገረዋ የት ሄደች ይላሉ። ቀዩ ታጥቦ ይጠባል ወይ ሲሉኝ ምን ልበል?» ሰብለ ስትሸጥ የምታደርገው አንድ ነገር አለ፣ አጎቷን ሁልጊዜ የሚያናድደው። የሚጠብ ጨርቅ ከሆነ ይጠባል ትላለች፣ ቀለሙ የሚለቅ ከሆነ ይለቃል ትላለች። ጅማ ያለች ሴት እሷን ያመነችው ለዚህ ነው።

ማስኩን ጥቅሉ ላይ ጥላ ወጣች። እኔም መጋረጃውን ይዤ ተከተልኳት። ከስልኩ ፊት ቆመች፣ እንደ ወትሮው ሦስት እርምጃ ርቃ ሳይሆን ቀረብ ብላ። «አለሁ፣ አልጠፋሁም» አለች። «ቀዩ ታጥቦ ይጠባል፣ አንድ ቁጥር ጨምራችሁ እዘዙ። ታጨሳለች ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁ ደግሞ፣ አላጨስም። ከንፈሬ ነው። ግማሹ ተፈጥሮዬ ነው፣ ግማሹ የአያቴ ሎሚ ነው። ሎሚ ተቀብታችሁ ፀሐይ ላይ እንዳትወጡ። በሳፋ የተቀላቀለ ክሬምም እንዳትቀቡ፤ እኔም ዛሬ ተገዝቶልኝ ነበር፣ አልቀባም። እሺ፣ ሰማያዊውን ማን ነበር የጠየቀው?» እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የአያቴ ሎሚ ትላለች በሰው ፊት! ሀኒ ግን አፏን ይዛ ትንፈቀፈቅ ነበር፤ ሳላስበው እኔም ሳቅኩ፣ ድዴ እስኪታይ።

ሀብተሚካኤል ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። እኛ ትሪው ላይ ቀርበናል፤ ጾም ስለሆነ ሽሮና ጎመን ነው። እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፣ አንድ ጉርሻ ጠቀለለ፣ ግን አልጎረሰውም። የመዶሻው ድምፅ ቆሟል፤ መተንፈሳችን ይሰማል። «አየሁት» አለ። «አራት ሰው ላከልኝ። በገዛ ሱቄ፣ በገዛ ስልኬ፣ የቤታችንን ሁሉ ገበና ዘርግታችሁ ዋላችሁ።» ሰብለ ጎመኑን አቀረበችለት። «አንቺስ እማዬ? አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ደረጃ ወጥተሽ ብትወድቂስ?»

«ለማን ብለህ ነው የገዛኸው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ጠሂራ ስትጠይቅህ ለማን ነው አልካት?»

ጉርሻውን አየው። ልጄ ሲዋሽ አውቀዋለሁ፣ ሲዋሽ ይፈጥናል። አሁን ግን አልፈጠነም። መሐረቡን ፈትቼ ዕቃውን ከፈትኩት፣ በጣቴ ጫፍ ቆነጠርኩ። «እጅህን ስጠኝ። ክንድህ ላይ ትንሽ ላድርግልህ፣ እስከ ቅዳሜ እንየው» አልኩት። እጁን ከትሪው ላይ ሰበሰበው፣ ጉርሻው ተበተነ። «ምን ነካሽ?» አለኝ። «ለሷ ፊት የሆነ ለአንተ ክንድ አይሆንም?» አልኩት። እጁን ጉልበቱ ሥር እንደያዘው ቀረ። እያወቀ እንደገዛው ያን ጊዜ ሁላችንም አወቅን። እሱም ማወቃችንን አወቀ። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እሱን መቼም አልልም። ጠሂራ የነገረችውን ከመስማት ቅዳሜን ማሰብ ቀልሎት ነው።

ሰብለ እስከዚያ ድረስ ትበላ ነበር። ውኃ ጠጣች፣ ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ለራሴ ብዬ ነው እንጂ ለላይቩ አይደለም። ቢለቅም ባይለቅም ቅዳሜ በረንዳው ላይ እቆማለሁ፣ ይቺው እንዳለሁ። መጋዘን አልገባም። የማይሆን ከሆነ አሁን ይንገሩኝ፣ ነገ ሌላ ሱቅ ሥራ እጠይቃለሁ። ደንበኞቹ ስሜን ያውቁታል።» ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። እኔ ግን ጤፉ ዓይኔ ላይ መጣ፣ ዘይቱ መጣ፣ ሌላ ሱቅ ባይቀበላትስ፣ ይህ ልጅ ቢቀየመንስ፣ እኔ ነገ ብሞት ማን ያስታርቃቸዋል?

ተነሳ። ጃኬቱን ለበሰ፣ ቁልፉን ሳያስፈልግ አገላበጠ፣ በሩ ላይ ቆመ። ያን መቆም አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኖ ሲያኮርፍም በር ላይ እንዲህ ይቆምና «ና ልጄ፣ ና ብላ» እስክለው ይጠብቅ ነበር። አንድም ቀን ሳልጠራው ቀርቼ አላውቅም። ያን ማታም ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሰብለን አየኋት፤ አንገቷን ደፍታ ሽሮውን ታጠቅሳለች፣ ጆሮዋ ግን እኔ አፍ ላይ ነው።

ጠቅለል አድርጌ ጎረስኩ።

ትንሽ ቆየ። ከዚያ መጋረጃውን ገለጠና ወጣ።